ከካሜራው ካርድ እስከ ሞኒተሩ፦ ለፎቶ ሥራ የሚሆን ኮምፒውተር በቤት ስለ መገጣጠም

ኮምፒውተር መሸጫ ገብቶ «ለፎቶ ኤዲቲንግ የሚሆን አሳዩኝ» ለሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወጣለት የጌም ኮምፒውተር ነው። ጎኑ መስታወት ነው፤ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይንቦገቦግበታል፤ ግራፊክስ ካርዱ የበጀቱን ግማሽ ይበላል። ለሞኒተር የሚተርፈው ገንዘብ ጥቂት ስለሚሆን ገዢው በተረፈችው ብር ያገኘውን ስክሪን ይዞ ይወጣል። በዚያ ስክሪን ላይ ለሰዓታት የደከመበት የሙሽራ ፊት ታትሞ ሲመጣ ጠቁሮ ወይም ቀልቶ ይገኛል። ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸው ነገሩ ገና ሲጀመር፣ ገንዘቡ ሲደለደል ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ያንን ድልድል መገልበጥ ነው። ለፎቶ የሚሆን ኮምፒውተር በቤቱ ሊገጣጥም የተነሣ ሰው በመጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበትን ሞኒተር ይምረጥ። ከዚያ ፎቶው ከካሜራው ካርድ ተነሥቶ ስክሪኑ ላይ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ይከተል፤ እያንዳንዱን ዕቃም ፎቶው እዚያ ቦታ ላይ በሚጠይቀው ልክ ይግዛ። ፎቶ የማይጠይቀውን ኃይል መግዛት፣ ፎቶ ከሚጠይቀው ላይ መቀነስ ነው።

እንዲህ እየመረጡ መግዛት የተቻለው አይቢኤም በነሐሴ 1981 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው የግል ኮምፒውተር ምክንያት ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ኩባንያው ማሽኑን በራሱ ፋብሪካ ብቻ ከሚመረቱ ክፍሎች ሳይሆን ገበያ ላይ ከነበሩ ዕቃዎች ገጣጠመው፤ አሠራሩንም ክፍት አደረገው። በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድ ልክ አወጣ። ዛሬ ታይዋን የተሠራ ማዘርቦርድ ቻይና በተሠራ ኬዝ ውስጥ ቀዳዳው ከቀዳዳው ገጥሞ የሚታሰረው በእነዚህ ልኮች ነው። አንድ ካቻቢቴ፣ ጥሩ መብራትና አንድ ከሰዓት በኋላ ላለው ሰው መገጣጠሙ ከባድ አይደለም። ከባዱ ምርጫው ነው።

ምርጫው ደግሞ በአንድ ተጨባጭ ሥራ ላይ ሲታይ ይቀልላል። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ ፎቶ አንሺ እረፍት የለውም። ከሙሽሪት ቤት ጀምሮ፣ በመናፈሻው አልፎ፣ እስከ አዳራሹና እስከ መልሱ ድረስ 3,000 ፎቶ ቢያነሣ አይበዛበትም። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንዱን ፎቶ በሮው ፎርማት ሲያስቀምጠው 30 ሜጋባይት ያህል ይይዛል ቢባል፣ አንድ ሰርግ 90 ጊጋባይት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ሰርግ የያዘ ሰው 360 ጊጋባይት ፎቶ ይከመርበታል ማለት ነው።

ታዲያ ቦታ በሚቆጥበው በጄፔግ ለምን አያነሣም? መልሱ ያለው ሙሽሪት በለበሰችው ላይ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ የሀበሻ ቀሚስ፣ ከጎኑም በዣንጥላ ጥላ ውስጥ ያለ ጠይም ፊት፣ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሊገናኙ ከሚችሉ ነገሮች ሁሉ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚመዘግበው 256 የብርሃን ደረጃ ነው። ባለ 14 ቢት ሮው ፋይል ግን 16,384 ደረጃ ይይዛል። የነጠላው ሽመና ነጭ ሆኖ እንዳይጠፋ ፎቶው ጠቆር ተደርጎ ተነሥቶ፣ በኋላ ፊቱ ከጥላው ሲወጣ፣ ሮው ላይ ፊት ሆኖ ይወጣል፤ ጄፔግ ላይ ግን ቆዳው ይቆራረጣል፣ ይዝጎረጎራል። የዚህ አገር ልብስና የዚህ አገር ቆዳ በሮው መነሣት ይገባቸዋል፤ ኮምፒውተሩም ያንን መሸከም አለበት።

ሞኒተር

ስለ ሞኒተር ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስፋቱን ነው። ለፎቶ መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን የፓነሉ ዓይነት ነው። ቲኤን የተባለው ርካሽ ፓነል ተመልካቹ ራሱን ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ባደረገ ቁጥር ጥቁርና ነጩን ይለዋውጣል፤ ወንበር ላይ ዘንበል ያለ ሰው ፎቶው የደመቀ ይመስለዋል። በ1996 ሂታቺ ያወጣው አይፒኤስ የተባለው ቴክኖሎጂ ይህን ችግር በእጅጉ አቃልሎታል። ስለዚህ ለፎቶ የሚገዛ ሞኒተር አይፒኤስ ይሁን፤ በዚህ ላይ ድርድር አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚታየው ፓነሉ የሚሸፍነው የቀለም ክልል ነው። በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ኤስአርጂቢ የተባለውን ልክ አወጡ፤ ስልኮች፣ ድረ ገጾችና አብዛኞቹ የፎቶ ማተሚያ ቤቶች ዛሬም የሚግባቡት በእሱ ነው። አዶቤ በ1998 ያወጣው አዶቤ አርጂቢ ከእሱ ይሰፋል፤ ስፋቱም በተለይ አረንጓዴና ውኃ ሰማያዊ ላይ ይታያል። አዶቤ አርጂቢን የሚሸፍን ሞኒተር ውድ ነው። የሚጠቅመውም ፎቶውን ለኤግዚቢሽን ጥሩ የኢንክጄት ማተሚያ ላይ ለሚያሳትም ሰው ነው፤ በ2010 አይዳ ሙሉነህ በመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ዓይነት መድረክ ላይ ሥራውን ለመስቀል የሚያልም ሰው ቢያስብበት ተገቢ ነው። ለሰርግ አልበምና ለስልክ ግን ኤስአርጂቢን 99 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሸፍን አይፒኤስ ይበቃል።

ስፋት ላይ ሲደረስ፣ ባለ 27 ኢንች ሆኖ 2560 በ1440 ፒክስል ያለው ሞኒተር ለብዙ ሰው ልከኛ ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ 109 ያህል ፒክስል ይይዛል፤ ጽሑፉ አያንስም፣ የፎቶውም ጥራት በደንብ ይገመገማል። ባለ 24 ኢንች ሆኖ 1920 በ1080 የሆነው በኢንች 92 ያህል ፒክስል አለው፤ በጀት ለጠበበበት ሰው ይሠራል። ፎርኬ የሚባለው ያምራል፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ማስተካከያ ኮምፒውተሩ የሚያሰላውን የፒክስል ብዛት ከ1440ው ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል፤ ስለዚህ የቀሩት ዕቃዎችም አብረው ማደግ አለባቸው። በሴኮንድ 240 ጊዜ ራሱን የሚያድስ የጌም ሞኒተር ግን ለቆመ ምስል የሚጨምረው ነገር የለም።

አሁን ወደ ጠቆረው የታተመ ፎቶ እንመለስ። አብዛኞቹ ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ብርሃናቸው በ250 እና በ350 ካንዴላ መካከል ነው፤ መደብር ውስጥ ዓይን እንዲስቡ ነው የሚደምቁት። ለኅትመት የሚዘጋጅ ፎቶ የሚሠራበት ብርሃን ግን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር ነው። በሦስት እጥፍ በደመቀ ስክሪን ላይ የሚሠራ ሰው ፎቶው በቂ ብርሃን ያለው ስለሚመስለው ያጠቁረዋል፤ ወረቀቱ ደግሞ የራሱ ብርሃን ስለሌለው እውነቱን ያወጣዋል። ምንም መሣሪያ የሌለው ሰው እንኳ የሞኒተሩን ብርሃን ዝቅ አድርጎ፣ ጀርባውን ለመስኮት ሳይሰጥ፣ ክፍሉ ውስጥ አንድ ዓይነት መብራት አብርቶ ቢሠራ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል።

ከዚያ በላይ ለመሄድ ስክሪኑ ላይ ተለጥፋ ቀለሙን የምትለካ ካሊብሬተር አለች። ዳታከለርና ካሊብራይት የታወቁ አምራቾቿ ናቸው። መሣሪያዋ ነጩን ወደ 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን ወደ 2.2 አምጥታ ኮምፒውተሩ የሚከተለው የቀለም ፕሮፋይል ታዘጋጃለች። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትፈለግ አምስትና ስድስት ባለሙያዎች አዋጥተው ቢገዟት ለሁሉም ትደርሳለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ እንከን አለ፦ ሞኒተሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገናኝ ግራፊክስ ካርዱ አንዳንዴ ቴሌቪዥን መስሎት ቀለሙን ከ0 እስከ 255 በመላክ ፈንታ ከ16 እስከ 235 ይልካል። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ፎቶው ሁሉ አመድ የነካው ይመስላል። የካርዱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ሙሉውን ክልል መምረጥ ነው፤ ምንም ወጪ የለውም።

ካርድና ዲስክ

90 ጊጋባይቱ ከካሜራው ካርድ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። እዚህ ላይ ጥቂት ብር ብዙ ሰዓት ይገዛል። በዩኤስቢ 2 የሚሠራ አሮጌ ካርድ አንባቢ በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ያህል ቢያሳልፍ፣ ሰርጉ ተገልብጦ የሚያልቀው ከ40 ደቂቃ በላይ ፈጅቶ ነው። ተራ ፈጣን ካርድ በዩኤስቢ 3 አንባቢ በሴኮንድ 90 ሜጋባይት ቢሄድ 17 ደቂቃ ይበቃዋል። ከሰርግ ማታ 5 ሰዓት ለተመለሰ ሰው ይህ ልዩነት የእንቅልፍ ጉዳይ ነው።

የሚያርፍበት ዲስክ ኤስኤስዲ ይሁን። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 200 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ ደግሞ እጅግ ይዘገያል። የአዶቤ የፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ፕሮግራም የሆነው ላይትሩም የሺዎችን ፎቶ ትንንሽ ቅጂ ሲፈልግ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሳታ ገመድ የሚገናኝ ኤስኤስዲ 550 ሜጋባይት፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ኤንቪኤምኢ ደግሞ እንደ ትውልዱ 3,500 ወይም 7,000 ሜጋባይት በሴኮንድ ይደርሳል። ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ የሚደረገው ሽግግር ኮምፒውተሩን ሌላ ያደርገዋል። ከ3,500 ወደ 7,000 የሚደረገው ግን ፎቶ ላይ እምብዛም አይሰማም፤ ሮው ፋይል ሲከፈት ጊዜ የሚወስደው ንባቡ ሳይሆን ስሌቱ ነው። ስለዚህ በዚያ ገንዘብ ፍጥነት ከመግዛት ቦታ መግዛት ይሻላል፦ ሁለት ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ለተያዘው ሥራ፣ ትልቅና ርካሽ ሃርድ ዲስክ ለተጠናቀቀው።

ራም

ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ተከፍቶ የሚሠራው ራም ውስጥ ነው። ራም የልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ነው፤ ጨርቁ ከጠረጴዛው ከሰፋ የተረፈው መሬት ይወርዳል፤ ሰፊውም አሥር ጊዜ ማጎንበስ ይጀምራል። ፎቶሾፕ ራም ሲሞላበት የሚያወርደው ስክራች ዲስክ ወደሚባለው ቦታ፣ ማለትም ወደ ኤስኤስዲው ወይም ወደ ሃርድ ዲስኩ ነው።

ጨርቁ ምን ያህል ይሰፋል? ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። በ16 ቢት ሲከፈት እያንዳንዱ ፒክስል 6 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ዲስክ ላይ 30 ሜጋባይት የነበረው ፎቶ ራም ውስጥ 144 ሜጋባይት ይሆናል። ቆዳ ለማስተካከል፣ ጀርባ ለመለወጥ፣ ብርሃን ለመጨመር ሙሉ ምስል የያዙ አሥር ሌየሮች ቢደራረቡ 1.4 ጊጋባይት አለፈ። ወደ ኋላ ለመመለስ የሚቀመጡት እርምጃዎችም ቦታ ይበላሉ። ኒኮን ዲ850 የመሰለ ባለ 45 ሜጋፒክስል ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ ቁጥሩን ሁሉ በሁለት ሊያባዛው ትንሽ ነው የሚቀረው። ፎቶሾፕ በራሱ ፈቃድ የሚወስደው ካገኘው ራም 70 በመቶውን ብቻ መሆኑም መረሳት የለበትም።

ከዚህ ሲነሡ 16 ጊጋባይት መነሻ ነው፤ 32 ጊጋባይት ለሰርግ ሥራ የሚመች ልክ ነው፤ 64ቱ ብዙ ፎቶ ገጣጥሞ ሰፊ ፓኖራማ ለሚሠራ ሰው ነው። ሲገዛም አንድ ባለ 32 ሳይሆን ሁለት ባለ 16 ይግዛ። ሁለቱ በጥንድ ሲሠሩ መረጃ የሚያልፍበት በር እጥፍ ይሆናል። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ደግሞ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ጥርሳቸው ይለያያል። ማዘርቦርዱ የሚቀበለውን ሳያውቁ ራም መግዛት ከሚደጋገሙ ስሕተቶች ዋነኛው ነው።

ፕሮሰሰር

በ1976 የኮዳኩ ብራይስ ቤየር የባለቤትነት መብት ባገኘበት አሠራር፣ በካሜራው ሴንሰር ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ የሚያየው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ያያሉ፤ አረንጓዴው የበዛው የሰው ዓይን ብርሃንን በይበልጥ የሚለየው በዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሮው ፋይል በተከፈተ ቁጥር የጎደለውን ሁለት ሦስተኛ ቀለም ከጎረቤት ነጥቦች እየገመተ የሚሞላ ስሌት ይካሄዳል። ለ24 ሚሊዮን ነጥብ፣ ለ3,000 ፎቶ።

ይህ ስሌት ለብዙ ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ላሉ የስሌት ክፍሎች፣ ተከፋፍሎ ሊሠራ ይችላል። የተጠናቀቁ ፎቶዎች ወደ ጄፔግ ሲወጡ ሁሉም ኮሮች ይሠራሉ። ብሩሽ ይዞ ፊት ላይ ሲሠራ ግን ሥራው ተራ በተራ የሚሄድ ስለሆነ የሚፈለገው የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው። ጂን አምዳል በ1967 ያስረዳው ይህንን ነው፦ ከአንድ ሥራ 10 በመቶው ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ፣ ስንት ሺህ ሠራተኛ ቢጨመር ሥራው ከ10 እጥፍ በላይ አይፈጥንም። ለፎቶ ሥራ ከ6 እስከ 8 ፈጣን ኮር ያለው ፕሮሰሰር ከ16 ኮሩ የተሻለ ግዢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የኢንቴል ኮር አይ5-12400 እና የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600፣ ሁለቱም በ2022 የወጡ፣ ባለ 6 ኮርና ባለ 12 ክር ናቸው፤ ዛሬም ይህን ሥራ ያለ ችግር ይሠራሉ። አዲስ ለሚጀምር ሰው በ2023 የወጣው ራይዘን 5 7600 የተሻለ ነው፤ የሚቀመጥበት ኤኤም5 የተባለው ሶኬት በኋላ የሚወጡትንም ይቀበላል። ስማቸው መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ገንዘብ ናት። ኢንቴል ላይ ኤፍ የምትል ፊደል ካለች ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ራይዘን 5 5600ም የለውም፤ 5600ጂ እና 7600 አላቸው። ይህን ሳያይ የገዛ ሰው ሁሉንም ያለ ግራፊክስ ካርድ ገጥሞ ሲያበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሌላው ማስጠንቀቂያ የኢንቴልን 13ኛና 14ኛ ትውልድ ይመለከታል። በ2024 ኃይለኞቹ ሞዴሎች ከቮልቴጅ ጋር በተያያዘ እየተበላሹ መሆኑ ታውቆ ኩባንያው ማሽኑን የሚያስነሣው ባዮስ የተባለው ፕሮግራም ማስተካከያ አውጥቷል፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ከእነዚህ ያገለገለ የሚገዛ ሰው በጥንቃቄ ይግዛ።

ግራፊክስ ካርድ

ቶማስ ኖል በ1987 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ሲማር፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያሳየው የማኪንቶሽ ስክሪኑ ግራጫን እንዲያሳይ የጻፈው ፕሮግራም ነበር፣ ከወንድሙ ከጆን ጋር አድጎ በየካቲት 1990 ፎቶሾፕ ተብሎ የወጣው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥራውን ሁሉ የሚሸከመው ፕሮሰሰሩ ነበር። ለፎቶ ትልቅ ካርድ አያስፈልግም የሚለው ምክር የዚያ ዘመን ምክር ነው፤ ያኔ ትክክል ነበር።

አሁን በከፊል ተለውጧል። አዶቤ በሚያዝያ 2023 ላይትሩም ውስጥ ያስገባው፣ በጨለማ አዳራሽ የተነሣ ፎቶን ጉርብጥብጥ የሚያጠራው ዲኖይዝ፣ በዋናነት የሚደገፈው በግራፊክስ ካርድ ነው። ጥሩ ካርድ አንዱን ፎቶ በሴኮንዶች ሲጨርስ፣ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ትንሽ ግራፊክስ ደቂቃዎች ይወስዳል። በሻማ ብርሃን የተነሡ 200 ፎቶዎች ያሉት ሰው ልዩነቱን ማስላት ይችላል። ይህን አገልግሎት ለሚጠቀም ሰው 8 ጊጋባይት ያለው ጂፎርስ አርቲኤክስ 4060፣ ወይም 12 ጊጋባይት ያለው አርቲኤክስ 3060 ከበቂ በላይ ነው። በቀን ብርሃን የሚያነሣና ዲኖይዝ የማያስፈልገው ሰው ደግሞ ያለ ካርድ ይጀምር፤ ገንዘቡን ለሞኒተሩ ያድርግ፤ ካርዱ በኋላ የሚሰካ ነገር ነው።

ያገለገለ ካርድ ገበያ ላይ ሞልቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 አሠራሩን ለውጦ በግራፊክስ ካርድ ማውጣቱ እስኪቀር ድረስ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የነበሩ ናቸው። መግዛት ክልክል አይደለም፤ ግን ተሰክቶ፣ ለግማሽ ሰዓት በሙሉ ኃይል ሠርቶ፣ ሙቀቱና የማራገቢያው ድምፅ ታይቶ ይሁን።

ስለ ሶፍትዌሩም አንድ ነገር መባል አለበት። አዶቤ ከ2013 ጀምሮ አዲሶቹን ፕሮግራሞቹን በወርሃዊ ክፍያ እንጂ በአንድ ጊዜ ሽያጭ ወደማያቀርብበት መንገድ ዞሯል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በነጻ የሚገኙት ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ሮው ፋይል በብቃት ይከፍታሉ፤ በመጋቢት 2025 ሦስተኛ ትውልዱ የወጣው ጊምፕም ብዙ ርቀት ሄዷል። ዳርክቴብል ግራፊክስ ካርድን በኦፕንሲኤል ስለሚጠቀም ከላይ የተባለው ምክር ለእሱም ይሠራል።

ማዘርቦርድና ኬዝ

በእነዚህ ላይ ረጅም ማውራት አያስፈልግም። ማዘርቦርዱ ለፕሮሰሰሩ የሚስማማ ሶኬት፣ ቢቻል አራት የራም ቦታ፣ ሁለት የኤንቪኤምኢ ቦታና በቂ ፈጣን ዩኤስቢ ይኑረው። ኬዙ ከፊቱ አየር የሚያስገባ፣ የአቧራ ማጣሪያው ወጥቶ የሚታጠብ ይሁን። የመንገድ ሥራ በበዛበት ሰፈር ማጣሪያ የሌለው ኬዝ ብዙ ሳይቆይ ውስጡ በአቧራ ይለብሳል።

መብራትና ከፍታ

ውጭ አገር የሚጻፉ ምክሮች ይህን ክፍል በሁለት መስመር ያልፉታል። እዚህ ግን ሥራውን የሚያድነውም የሚያጠፋውም እሱ ነው።

አንድ ኮምፒውተር ምን ያህል ኃይል ይፈልጋል? ከላይ የተጠቀሰው ባለ 65 ዋት ፕሮሰሰር ሲፈጥን ከ100 ዋት ትንሽ ሊያልፍ ይችላል፤ አርቲኤክስ 4060 115 ዋት ነው፤ የቀረው ሁሉ 50 ዋት ቢባል ከ300 አይበልጥም። ስለዚህ ባለ 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ በቂ ነው፤ ዋናው ጥራቱ ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ቢያንስ የተፈተነ መሆኑን ይናገራል። በርካሾችና በአሮጌዎቹ ጀርባ 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማብሪያ ይገኛል፤ 115 ላይ ሆኖ በኢትዮጵያው 220 ቮልት ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ላይ ይህ መጀመሪያ ይታይ። ዘመናዊዎቹ ከ100 እስከ 240 ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ዩፒኤስ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የላይትሩም ካታሎግ ኤስኪውላይት የተባለ የመረጃ ቋት ነው፤ እየተጻፈበት ሳለ መብራት ድንገት ከጠፋ የሦስት ወር ሥራ ሊበላሽ ይችላል። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ የሚሸከመው 650 ዋት ሳይሆን ከ400 በታች ነው፤ የሚያቆየውም ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ፋይል አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት ግን ይበቃል። ፎቶሾፕ በየ10 ደቂቃው ራሱ የሚያስቀምጠውን የመጠባበቂያ ቅጂ ወደ 5 ደቂቃ ዝቅ ማድረግም ይቻላል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል ያንሳል። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያቀዘቅዘው ትንሽ ይቀንሳል። ደግነቱ የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ ነው። ጋምቤላ ወይም ሠመራ ላይ ደግሞ ከፍታው አይደለም፣ ሙቀቱ ራሱ ነው ችግሩ፤ እዚያ አንድ ማራገቢያ መጨመር ያስፈልጋል። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ማንበቢያ ደግሞ በሰሌዳው ላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ነው። ለዚህም አምራቾች ለተለመዱት ሃርድ ዲስኮች የሚሰጡት የከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃን፣ በ2,800 ሜትር ገደማ፣ ወሰኑ ውስጥ ናት፤ ከእሷ በላይ ባሉ ደጋዎች የሚኖር ሰው ግን ማኅደሩን ኤስኤስዲ ላይ ቢያደርግ ይሻላል፤ ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር የለም።

ከየት ይገዛ?

ፕሮሰሰር፣ ራምና ኤስኤስዲ ቀላል ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይይዛቸዋል። ዱባይ ያለ ሰው ቡር ዱባይ ውስጥ በኻሊድ ቢን አልወሊድ መንገድ ዳር ያሉትን የኮምፒውተር መደብሮች ያውቃቸዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖች ደግሞ ሮክቪል እና ፌርፋክስ ላይ የማይክሮ ሴንተር መደብሮች አሏቸው። ሞኒተር፣ ኬዝ፣ ፓወር ሳፕላይና ዩፒኤስ ግን እዚሁ ይገዙ፤ በጉዞ የሚሰበሩ ናቸው፤ ሲበላሹም የሚመለሱበት ደጃፍ ቅርብ መሆን አለበት። ፕሮሰሰር በኪስ ሲመጣ ጥንቃቄ ያሻል፦ የኤኤም4 ፕሮሰሰሮች ፒናቸው ከሥራቸው ስለሆነ ከሳጥናቸው ውጭ መንቀሳቀስ የለባቸውም፤ በኤኤም5 እና በአዳዲሶቹ ኢንቴሎች ፒኑ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ነው።

አራት ቴራባይት ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚቀርብ ኤስኤስዲ ወይም ሜሞሪ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ የተጻፈለት ትንሽ ዕቃ ነው። ኤችቱቴስትደብልዩ የተባለች ነጻ ፕሮግራም ዕቃውን እስከ ጫፉ ሞልታ መልሳ በማንበብ እውነተኛ ልኩን ታወጣለች። የሰው ሰርግ ከመጫኑ በፊት ይህ ይደረግ።

ገንዘቡ ሲደለደል የዚህ ንግግር አቅራቢ ምክር የሚከተለው ነው። ከመቶው ሠላሳው ለሞኒተሩና ለካሊብሬተር ድርሻ፤ ሃያው ለዲስኮች፤ አሥራ አምስቱ ለራም፤ ሌላ አሥራ አምስት ለፕሮሰሰር፤ ሃያው ለማዘርቦርድ፣ ለኬዝ፣ ለፓወር ሳፕላይና ለዩፒኤስ። ግራፊክስ ካርድ ከዚህ ውጭ ነው፤ ዲኖይዝ የግድ ከሆነበት ሰው ላይ ብቻ ይጨመር።

ከዲስኮቹ ሃያ ውስጥ አንድ ድርሻ ኮምፒውተሩ ውስጥ ለማይቀመጥ ዲስክ ነው። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮህ ስለ ዲጂታል ፎቶ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ያስለመደው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሦስተኛው ዲስክ እኅት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ይበቃል። ሰርግ አይደገምም፤ የሙሽሮቹ እናት «ፎቶው የት ደረሰ?» ብላ ስትደውል ዲስኩ ተቃጠለ ማለት አይቻልም።

ማሽኑ ተገጣጥሞ የበራ ዕለት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚደረጉ ነገሮች አሉ። ባዮስ ውስጥ ገብቶ የራሙን ትክክለኛ ፍጥነት ማብራት፤ ኢንቴል ላይ ኤክስኤምፒ፣ አዳዲሶቹ ኤኤምዲዎች ላይ ኤክስፖ ይባላል። ሌሊቱን ሜምቴስት86 አስነሥቶ ራሙን መፈተሽ፤ እንከን ያለበት ራም ፎቶን ሳይታወቅ ያበላሻልና። ስክራች ዲስኩን ኤንቪኤምኢው ላይ ማድረግ። ከዚያ ከአሮጌ ሰርግ 50 ፎቶ ወስዶ መሥራት፣ ወደ ጄፔግ ማውጣት፣ በዚያ ጊዜ ራሙና ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደተያዙ መመልከት። ራሙ ከሞላ ቀጣዩ ግዢ ሌላ ጥንድ ራም ነው፤ ፕሮሰሰሩ ለረጅም ጊዜ መቶ በመቶ ከቆመ በዚያው ሶኬት የሚገባ ፈጣን ፕሮሰሰር፤ ሁለቱም ሳይሞሉ ዲኖይዝ ብቻ ካዘገየ ግራፊክስ ካርዱ። ይህ ፈተና ሻጩ ዕቃ ለመመለስ የሰጠው ጊዜ ሳያልፍ ይደረግ፤ ደረሰኙም ከሳጥኖቹ ጋር ይቀመጥ።